ታንከኛው ዘመዳችሁ የት ነበር? ከጅማ ተነስቶ የጦር ሜዳ ታሪክ ማፈላለጊያ

አጎቴ ታንከኛ ነበር። ስለ ጦርነቱ ግን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ውስጡ ይሞቃል።" በቃ። ልጆች ሆነን "ጋሼ፣ ታንክ ውስጥ ምን ይመስላል?" ስንለው መልሱ ይኸው ነበር። ከዚያ ቡናውን ፉት ይልና ወሬ ይቀይራል። አንድ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ሬዲዮ ሲከፍት ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ዜና ይሰማል።

እያረጀ ሲሄድ ታሪኩን ልፈልግ ተነሳሁ። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። ግማሹ ጊዜ የባከነው በራሴ ጥፋት ነው፤ ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት። ባዶ እጄን አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ቢሮ መስኮት ላይ ቆምኩ።

"የመለያ ቁጥሩን አምጣ፣ ፋይሉን እናያለን።"

"መለያ ቁጥሩን ከየት ነው የማመጣው?"

"ፋይሉ ላይ አለ።"

ወደ ጅማ በአውቶቡስ ስመለስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ታንክ እንደ ክላሽ የአንድ ሰው መሣሪያ አይደለም። አጎቴ እዚያ ሙቀት ውስጥ ብቻውን አልነበረም። እንደ ታንኩ ዓይነት ሌሎች ሦስት ወይም አራት ሰዎች አብረውት ተቀምጠዋል። ስለዚህ የታንከኛ ታሪክ ፍለጋ በመጀመሪያ የምድብተኞቹ ፍለጋ ነው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ቅደም ተከተል ነው።

አንድ፦ ሳጥኑን ክፈቱ

እያንዳንዱ ቤት አንድ ሳጥን አለው። ቆርቆሮ ይሁን ሻንጣ፣ አልጋ ሥር ነው። ቁልፉ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ጋ ስለሆነ መጀመሪያ አክስታችሁን ወይም አያታችሁን አስፈቅዱ።

የምትፈልጉት ሜዳሊያ ብቻ አይደለም። የወታደር መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ከግንባር የተላከ ደብዳቤ ከነፖስታው፣ ሁሉም ይጠቅማል። በደብዳቤ ላይ ላኪው አድራሻውን ሲጽፍ የክፍሉን ስም ወይም ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። እኔ ያጣሁትን መለያ ቁጥር በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ የሕክምና ወረቀት ጥግ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የአክስቴ የልብስ ስፌት መርፌዎች ተጠቅልለውበት ነበር።

ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። ብዙዎቹ እንደ ታጠቅና ጦላይ ባሉ ካምፖች አልፈው ነው ወደ ቤታቸው የገቡት። ጦላይ እንግዲህ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የተሰናባች መታወቂያ ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ሰዎች "የተሐድሶ ወረቀት" ይሉታል። ያቺ ወረቀት ከተገኘች ትልቅ ነገር ነው።

ፎቶ ስታገኙ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡ። የድሮ ፎቶ ቤቶች ጀርባው ላይ ማኅተም ይመቱ፣ ወይም ጥጉ ላይ ስማቸውን በደረቅ ማኅተም ያትሙ ነበር። አስመራ፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ የሚል ካያችሁ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። የአጎቴ ፎቶ ላይ "ሐረር" ይላል። ከሥሩ በእርሳስ አራት ቅጽል ስሞች አሉ። የአባት ስም የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ወረቀት ይሻግታል። ሰው ታዲያ ወረቀቱን ለማዳን ብሎ ላሚኔት ያስደርጋል። እባካችሁ አታድርጉት። ሙቀቱ የቆየ ፎቶ ያበላሻል፣ አንዴ ከተጣበቀም አይላቀቅም። ፌስታል ውስጥም አታሽጉት። ደረቅ ካርቶን ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፊትና ጀርባውን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ በስልክ አንሱ። ፎቶ ጀርባ ላይ የምትጽፉት ነገር ካለ በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ያልፋል።

ሁለት፦ የትኛው ጦርነት?

"ጦርነት ሄዶ ነበር" ማለት ምንም ማለት አይደለም። እዚህ አገር ጦርነት ብዙ ነው። ዘመኑን ለይታችሁ ካልያዛችሁ የተሳሳተ በር ስታንኳኩ ትከርማላችሁ።

የሶማሊያ ወረራ በሐምሌ 1969 ነው የተጀመረው። ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ተያዘች፤ በየካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። የካራማራ ድል የሚከበረው ያን ቀን ነው። ሰሜኑ ረጅም ነው፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974፣ አፍአበት በመጋቢት 1980፣ ሽሬ በየካቲት 1981፣ ምጽዋ በየካቲት 1982። ከዚያ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992፤ የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመው በታኅሣሥ 1993 ነው።

ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት ላያስታውሱ ይችላሉ። አትጨቅጭቋቸው። "ያኔ እገሌ ተወልዶ ነበር?" "ቡና የተለቀመበት ወቅት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ጅማ ውስጥ ይቺ የቡና ጥያቄ ከማንኛውም ካላንደር ትበልጣለች። አክስቴ ባሏ የሄደበትን ዓመት አታውቅም፤ ቡናው ገና ሳይደርቅ እንደሄደ ግን ትምላለች።

የውጭ ጽሑፍ ስታነቡ ደግሞ አቆጣጠሩን ተጠንቀቁ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ስምንት ይሆናል። "በ1977 ጅጅጋ ወደቀች" የሚለውን ስምንት ቀንሳችሁ 1969 ካደረጋችሁት ተሳስታችኋል።

የቅጥሩ መንገድም ዘመኑን ይናገራል። በ1969 ታጠቅ የሠለጠነው ሚሊሻ በአብዛኛው እግረኛ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ዘመዳችሁ "በብሔራዊ ውትድርና ነው የሄድኩት" ካለ ካራማራ አልነበረም ማለት ነው። ስለ ኮሪያም አንድ ነገር ልበል። ጅማም ሆነ ሌላ ቦታ "አያቴ ኮሪያ ታንከኛ ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም። ቃኘው ሻለቃ ግን ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር የተዋጋ እግረኛ ጦር ነው። አያትየው ታንክ አጠገብ ፎቶ ተነስተው ይሆናል። ማን አይነሳም?

ሦስት፦ ታንኩን አንብቡት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ በጣም የወደድኩት ክፍል ነው። የታንኩ ዓይነት ዘመኑንም፣ የሰዎቹን ብዛትም፣ ዘመዳችሁ የተቀመጠበትን ቦታም ይነግራችኋል።

እስከ 1969 ድረስ ሠራዊታችን የታጠቀው በአሜሪካ መሣሪያ ነበር። ታንኮቹ ኤም-24፣ ኤም-41 እና ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ ኤም-60 ናቸው። ከአሜሪካ ጋር ያለው የጦር ግንኙነት በ1969 ሲቋረጥ የሶቪየቶቹ መጡ። ቲ-34፣ ቲ-54፣ ቲ-55፣ ቲ-62። ስለዚህ "በ1965 ቲ-55 እነዳ ነበር" የሚል ታሪክ ከሰማችሁ ወይ ዓመቱ ወይ ታንኩ ተሳስቷል።

ፎቶ ካላችሁ ጎማዎቹን ቁጠሩ። የሶቪየቶቹ በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማዎች አሏቸው፤ ሰንሰለቱ በላይ በኩል ጎማዎቹ ላይ ተኝቶ ነው የሚያልፈው። የአሜሪካኖቹ ከትልልቆቹ ጎማዎች በላይ ሰንሰለቱን የሚሸከሙ ትንንሽ መንኮራኩሮች አሏቸው። ኤም-60 በየጎኑ ስድስት ጎማ ነው።

ቲ-55ን ከቲ-62 መለየት ብዙ ሰው ያቅተዋል፤ ዘዴው ግን ቀላል ነው። ቲ-55 ላይ ሰፊው ክፍተት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ነው። ቲ-62 ላይ ክፍተቱ ወደ ኋላ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል። አፈሙዙንም እዩ። ጭስ ማስወጫ የሆነ ወፍራም ቀለበት አለው። ቲ-55 ላይ ጫፉ ላይ ነው፤ ቲ-62 ላይ ከጫፉ ገባ ብሎ ነው። ቲ-34ን የሚያሳብቀው ደግሞ ፊት ለፊት ዘንበል ባለው ብረት ላይ ያለው የሹፌሩ ትልቅ በር ነው።

ታንኩ በፎቶው ውስጥ ከሌለ ቆቡን እዩ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በቁመቱ ወፋፍራም ሽንሽን ያለው የጭንቅላት ልብስ የሶቪየት ታንከኛ ነው።

ወጥመዱም አለ። የሶማሊያም ጦር ከሶቪየት የታጠቀ ስለነበር ቲ-34 እና ቲ-55 ነበረው። ስለዚህ ዘመዳችሁ ላዩ ላይ ቆሞ የሚስቅበት ታንክ የራሱ ላይሆን ይችላል። ምርኮ ሊሆን ይችላል። ሰው ደግሞ በየቀኑ ከሚያጥበው ታንክ ይልቅ በማረከው ላይ ፎቶ መነሳት ይወዳል።

አራት፦ ማናገር

ሰውየው በሕይወት ካለ፣ ወይም የሚያውቀው ካለ፣ አሁን ነው ጊዜው። ከዚህ በፊት አይደለም። ታንኩን ሳታውቁ ብትጠይቁ "ውስጡ ይሞቃል" ነው የምታገኙት።

ጀበና ይጣድ። በርጩማ አቅርቡና ከጎን ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ምርመራ ይመስላል። ስልካችሁን ለመቅጃ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ከሆነ በሱ ያውራ። ትርጉሙ ኋላ ይደረሳል። ሰው ስለፈራበት ቀን በሁለተኛ ቋንቋው ሲያወራ ያሳጥረዋል።

"ስንት ሰው ገደልክ?" አይጠየቅም። "ፈርተህ ነበር?" አይጠየቅም። ስለ ሥራው ጠይቁ። ሰው ሥራውን ማስረዳት ይወዳል። ለኔ የሠሩልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

"ሥራህ ምን ነበር?" አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ ወይም ሹፌር ይሆናል። ቲ-54፣ ቲ-55 እና ቲ-62 አራት ሰው ነው የሚይዙት። ቲ-34 አምስት ይይዛል፤ አምስተኛው ፊት ለፊት ከሹፌሩ ጎን መትረየስ ይዞ ይቀመጣል። "አምስት ነበርን" ያለ ሰው ስለ ቲ-55 አያወራም።

"በየት በኩል ነበር የምትቀመጠው?" ይቺ ወርቅ ጥያቄ ናት። በሶቪየቶቹ ታንኮች ተኳሹና አዛዡ በግራ፣ አጉራሹ በቀኝ ነው። በኤም-41 እና በኤም-60 ተገላቢጦሽ ነው፤ አጉራሹ በግራ ይሆናል። ሰው የታንኩን ስም ሊረሳ ይችላል። በየትኛው እጁ ያጎርስ እንደነበር ግን አይረሳም። አጎቴ መልስ አልሰጠኝም፤ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ግራው ዞሮ በሁለት እጁ የሌለ ጥይት ገፋ።

"ቤንዚን ነበር ናፍጣ?" ሹፌር ከሆነ ወዲያው ይነግራችኋል። ኤም-24 እና ኤም-41 ቤንዚን ነው የሚጠጡት። የሶቪየቶቹ ሁሉም ናፍጣ ናቸው።

"ቀለሁ የት ይወድቃል?" ለአጉራሽ ነው። ቲ-62 የተተኮሰውን ቀለህ ከኋላ ባለች ትንሽ በር ወደ ውጭ ይወረውረዋል። በቲ-55 ግን እዚያው ውስጥ ይወድቃል፣ እንደጋለ። አጎቴ ይሄን ስጠይቀው እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የዘይት ቃጠሎ ይመስለን ነበር። የቲ-55 ሙሉ ጥይት ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ታንኩ እየሄደ፣ እየዘለለ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ፣ አንድ በአንድ። የወገብ ሕመሙም ያኔ ገባኝ።

"አንድ የውጭ ቃል ታስታውሳለህ?" ብላችሁም ሞክሩ። "ኮምፓኜሮ" ካለ ከኩባዎች ጋር ውሏል።

ዝም ካለ ዝም በሉ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሌላ ቀን ይሁን። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሳይደርስ መነሳትም ይቻላል። እኔ አንድ ቀን አብዝቼ ጠይቄው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንዳጣ አክስቴ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ከሁለት ጥያቄ በላይ አልጠይቅም።

አምስት፦ ምድብተኞቹን ፈልጉ

በእጃችሁ አሁን ዘመን፣ ግንባር፣ የታንክ ዓይነት እና ጥቂት ስሞች አሉ። ቅጽል ስምም ቢሆን ይበቃል።

ጅማ ውስጥ ከሁሉም በፊት የምሄድበት ቦታ ጡረታ በሚከፈልበት ቀን ባንክ ደጃፍ ነው። የድሮ ወታደሮች በጠዋት ይመጣሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ወሬ ይጀምራሉ። በአክብሮት ጠጋ ብላችሁ "አባባ፣ እርስዎ የት ግንባር ነበሩ?" በሉ። ፎቶውን አትመው ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ ስክሪን ማየት ለብዙዎቹ ያስቸግራቸዋል። የመጀመሪያው ሰው ባያውቅ እንኳ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፍኩ አጋሮ ደረስኩ። የአጎቴን ታንክ ተኳሽ እዚያ አገኘሁት። አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር! ለአርባ ዓመት ያህል ሳይተያዩ የኖሩት በሐሙስ ገበያ መንገድ ርቀት ነው።

ሁለተኛው እድር ነው። የእድር ጸሐፊ ሰፈሩን በሙሉ ያውቃል፤ ማን ወታደር እንደነበር፣ ማን እንደሞተ፣ ልጆቹ የት እንደገቡ። ሰውየው ሞቶ ቢሆን እንኳ ቤቱ ሌላ ሳጥን አለ። ከዚያ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ የአካባቢው ኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላት የሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ገጾች። ገጾቹ ላይ ስትጠይቁ መታወቂያና መለያ ቁጥር አትለጥፉ። ፎቶውን ከነዘመኑ አውጡ፣ የቀረውን በውስጥ መስመር ጨርሱ።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤት ውስጥ አንድ ስም፣ ሠራዊት ውስጥ ሌላ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው። ስሙን ለውጦ የተመዘገበም አለ፤ ዕድሜውን ጨምሮ የገባም አለ። የኦሮሞና የሙስሊም ስም ደግሞ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጻፈው። ከድር ቀድር ይሆናል፣ ጀማል ጃማል ይሆናል። ፊደሉም ራሱ ፈተና ነው። ኃይሌን በሀ፣ በሐ፣ በኀ ፈልጉ። ሠናይን በሁለቱም ሰ። ዓሊን በአም በዐም። መዝገብ በፊደል ተራ ሲቀመጥ አንድ ሆሄ ሰውን ይሰውራል።

ሌላ የሚያምታታ ነገር። ሻምበል ማዕረግም ነው ክፍልም ነው። ሻለቃም እንዲሁ። "ታንከኛ ሻለቃ ነበር" ማለት ሰውየው ሻለቃ ነበር ማለት አይደለም፤ በታንከኛ ሻለቃ ውስጥ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ አባቱን "ሻለቃ" እያለ መቃብሩ ላይ ሁሉ አስጽፏል። ሰውየው አስር አለቃ ነበሩ። አሁን ማን ደፍሮ ይንገረው?

ስድስት፦ አሁን ወደ ቢሮ

መለያ ቁጥር፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዘመን እና ክፍል ካላችሁ ቢሮ መሄድ ትርጉም አለው። ከነዚህ አራት ሦስቱ ካልተሟሉ ለትራንስፖርት አታውጡ።

ሰውየው በሕይወት ካለ እሱ ራሱ ያመልክት፣ ወይም ውክልና ይስጣችሁ። ካረፈ ከቀበሌ የዝምድና ማረጋገጫ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ዋናውን ሁልጊዜ ቤት ተዉት፣ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ጡረታ የተከበረለት ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጡረታ ቢሮ ነው። የጡረታ ፋይል የአገልግሎት ዘመን ስለሚቆጥር የቅጥርና የስንብት ቀን እዚያ መኖሩ አይቀርም። ከዚያ በኋላ መከላከያ ሚኒስቴር።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ታሪክ አይተረክበትም። እኔ የተጠቀምኩት ይህን ይመስላል።

"ጉዳዩ፦ የውትድርና አገልግሎት ማስረጃ ስለመጠየቅ። አጎቴ (ሙሉ ስም እስከ አያት)፣ የመለያ ቁጥር (…)፣ በቀድሞው ካፋ ክፍለ ሀገር ጅማ ከተማ ተወላጅ፣ ከ(…) እስከ (…) ዓ.ም. በታንከኛ ክፍል አገልግለዋል። የተቀጠሩበት ቀን፣ ያገለገሉበት ክፍል፣ የሥራ ድርሻቸውና የተሰናበቱበት ቀን ተገልጾ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ደጋፊ ማስረጃዎችን (…) ገጽ አያይዣለሁ።"

አራት ነገር ብቻ ጠይቁ። "ያለውን ሁሉ ስጡኝ" ካላችሁ ምንም አይሰጣችሁም። ያስገባችሁበትን ቁጥርና ቀን በኮፒው ላይ አስመቱ፤ "ነገ ና" ሲባል ያ ቁጥር ነው የሚያስከብራችሁ።

ሰባት፦ ካልተመለሰ

የሱ ፍለጋ ሌላ ነው። ቤተሰቡ መርዶ ደርሶት እንደሆነ፣ በደብዳቤ ይሁን በሰው አፍ፣ መጀመሪያ አጣሩ። በሰው አፍ ከሆነ ማን እንደነገራቸው ጠይቁ፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ክፍል ወታደር ነው።

ተማርኮ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ የቀይ መስቀልን የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት ጠይቁ። በሶማሊያ ጦርነት የተማረኩ ኢትዮጵያውያን አሥር ዓመት በላይ እስር ቤት ቆይተው ነው በ1980 ማብቂያ ላይ በቀይ መስቀል በኩል የተመለሱት። ስለዚህ "በ1970 ሞተ" የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ የኖረባቸው ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን ለእናት ወይም ለሚስት ስትነግሩ ግን ተጠንቀቁ። ማስረጃ ሳይኖር ተስፋ አይሰጥም።

ስምንት፦ ጋዜጣና ቤተ መጻሕፍት

አጭር ነው። የቆዩ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ እትሞች አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ይገኛሉ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ጥሩ ክምችት አለው። የአንድ ተራ ታንከኛ ስም ታገኛላችሁ ብዬ አላሞኛችሁም። ክፍሉ የት እንደነበር፣ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። የዘመኑ ጋዜጣ ድሉን እንጂ ሽንፈቱን እንደማይጽፍም አትርሱ።

ዘጠኝ፦ አመሳክሩና ጻፉ

ደብተር ላይ መስመር አስምሩ። በአንድ በኩል ሰው የነገራችሁ፣ በሌላ በኩል ወረቀት ወይም ፎቶ የሚለው። የተስማሙትን በእስክሪብቶ፣ ያልተስማሙትን በእርሳስ ጻፉ። ያልተስማማውን አትሰርዙት።

አጎቴ ስለ ጅጅጋ "ዞረን ነው የገባነው፣ በተራራው በኩል አይደለም" ይል ነበር። እኔ ካራማራን በቀጥታ የሰበሩት ይመስለኝ ስለነበር ተምታቶበታል ብዬ ነበር። ኋላ ሳነብ ግን እውነትም ዋናው ጥቃት ማለፊያውን ትቶ በሰሜን በኩል ዞሮ ነው የመጣው። አጋሮ ያለው ተኳሽም ሳልጠይቀው ይህንኑ ነገረኝ። ሦስት ምንጭ አንድ ቃል ሲናገር በእስክሪብቶ ይጻፋል።

ሁለት ገጽ ሲሆን ለአጎቴ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማው። "ታንኩ ቲ-55፣ አጉራሽ" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

"ስም ነበራት እኮ" አለ።

"ማን?"

"ታንኳ። 'ቡሌ' ነበር የምንላት። ሹፌሩ ነው ያወጣላት።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማ ስቆጥር ይቺን አልጠየቅኩትም። በእናንተ ዝርዝር ውስጥ ጨምሯት። ሹፌሩን ገና አላገኘሁትም፤ ፎቶው ላይ ከግራ ሁለተኛው ነው፣ ጀርባው ላይ "ጢሞ" ይላል። ከነቀምት በኩል የመጣ እንደነበር ተኳሹ ያስታውሳል። የሚቀጥለው ጡረታ ቀን እዚያ ያለ ባንክ ደጃፍ ለመቆም አስቤያለሁ።